በድሬዳዋ ጥላ ሥር

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ስለ ምግብ አዘገጃጀት፣ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ላጫውታችሁ ነው። ሌላውን ስመክርበት የኖርኩትን ጉዳይ ለራሴ ሳላውቀው መቅረቴን የተረዳሁት፣ ባለፈው ግንቦት ለሥራ ወደ ድሬዳዋ በሄድኩበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ችግራቸውን ሊያስረዱኝ ወደ ቢሮዬ መጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁና እስክሪብቶዬን እያንቀሳቀስሁ፣ «እሺ፣ እሺ» ስላቸው ቆየሁ። መርቀውኝ ከወጡ በኋላ ማስታወሻ ደብተሬን ብመለከት፣ የተጻፈው «ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እናቲቱ ከተናገሩት አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍኩም፤ አላስታውስምም። ይባስ ብሎ ነገሩ አላሳፈረኝም። «ሁሉም ያው ነው» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት።

ያሳፈረኝ በዚያው ሳምንት ማታ የደረሰው ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ቡና አፍልተው ጠርተውኝ ሳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አትቀየሚኝና የልጅሽን የፈተና ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወረቀቷን ይዛ ሄዳ፣ «እማዬ ደክሟታል፤ ስትነግሪያት ይብስባታል፤ እርስዎ ይፈርሙልኝ» ብላቸው ኖሯል። ውጤቷ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ልጅ ፈርታ ነው ይባል ነበር። ግን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ነበር። ልጄ ከእኔ የደበቀችው ጥፋቷን አልነበረም፤ ደስታዋን ነው።

ይህን በሆዴ ይዤ፣ በገበያ ስለሚሠሩ ሴቶች እንድጽፍ ታዝዤ ወደ ድሬዳዋ ተነሣሁ። የተሳፈርኩት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በሚነሣው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። መስመሩ የተመረቀው በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሞጆንና አዳማን አልፈን ወደ መተሐራ ስንወርድ፣ የፈንታሌ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ በመስኮቱ በኩል ታዩ። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ለልጇ በጣቷ እያመለከተች ታሳየዋለች። እኔ ግን ጉልበቴ ላይ ከዘረጋሁት ወረቀት ቀና አላልኩም። ወረቀቱም ለሚቀጥለው ሳምንት ያሰብኩት ጽሑፍ ማስታወሻ ነበር፤ ርእሱ «በሥራ ብዛት ስለሚመጣ ዝለት» ይላል!

ለመሆኑ ይህ ዝለት ምንድን ነው? ስም አውጥተው በጽሑፍ ካስተዋወቁት መካከል ቀዳሚው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው። እኒህ ሰው በኒውዮርክ ከተማ ከመደበኛ ሥራቸው ሌላ ለችግረኞች በነጻ በሚሠራ ክሊኒክ ያገለግሉ ነበር። አብረዋቸው የሚደክሙት በጎ ፈቃደኞች፣ ራሳቸውም ጭምር፣ ቀስ በቀስ እንደ ነደደ እንጨት አመድ ሲሆኑ አስተዋሉና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ስለዚሁ ጻፉ። ከዚያም ክርስቲና ማስላክ የተባሉ ሴት ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ዝለቱን በጥያቄዎች የሚለኩበትን ዘዴ በ1981 አቀረቡ።

የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው መግለጫ ዝለቱ በሽታ ሳይሆን፣ በሥራ ቦታ መፍትሔ ሳያገኝ ከሚከማች ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ገልጾ፣ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል ብሏል። አንደኛው የኃይል መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራ በሐሳብ መራቅና ሁሉን ነገር በክፉ ዓይን ማየት ነው። ሦስተኛው የሥራ ውጤት እየቀነሰ መሄድ ነው። እነዚህን ሦስቱን በገዛ እጄ ጽፌ ስጨርስ፣ ሽንኩርትና ዘይት የተጻፈበት ገጽ ትዝ አለኝ። ድርጅቱ ሁኔታውን የወሰነው በሥራ ቦታ ላይ ነው። ከቢሮ ወጥታ ምጣድና ልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚጠብቃት እናት ግን ሥራዋ የት ላይ ጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ ማን ይነግራታል?

ድሬዳዋ ያረፍኩት ከአክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ በድሮው ምድር ባቡር የጥገና ሠራተኛ የነበሩ፣ ዛሬ ሳምቡሳ ጠብሰው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ገና ከደጃፍ፣ «እንደምን ከረሙ፣ አክስቴ? እርስዎ ደኅና ነዎት?» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ። «አቦ፣ አንቺ በይኝ! እዚህ አገር አንቱታ ያስረጃል» አሉኝ። እውነትም የሠፈሩ ልጆች ሁሉ «አንቺ» ነው የሚሏቸው። እኔ ግን አልሆነልኝም፤ እስክሄድ ድረስ «እርስዎ» እንዳልኳቸው ቆየሁ።

በማግሥቱ እስከ ቀትር ገበያ ውዬ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ምሳ እንደበላን አክስቴ የበሩን መጋረጃ ጣል አደረጉ፤ ወለሉ ላይ ሰሌን አነጠፉና ጋደም አሉ። እኔ ወረቀቶቼን ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ሥራ አለብኝ፣ አክስቴ።»

«ማን የለበትም? አሁን የመጋረጃ ሰዓት ነው።»

«እርስዎ ይረፉ፤ እኔ አይደክመኝም።»

አክስቴ ቀና ብለው ትኩር ብለው አዩኝ። «የማይደክመው ሰው አይቼ አላውቅም፤ መድከሙን የረሳ ሰው ግን አውቃለሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እኔ እልህ ይዞኝ ጻፍኩ። ማታ ሳነበው አንዱም ዓረፍተ ነገር የሚረባ አልነበረም።

ይህ የመጋረጃ ሰዓት የአክስቴ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት፣ በሁለተኛው ቀን አልተኛም ብዬ በቀትር ወደ ከዚራ በወጣሁ ጊዜ ነው። ጎዳናው ጭር ብሏል። ብዙ ሱቆች ተዘግተዋል። የባጃጅ ነጂዎች ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ያንቀላፋሉ። ከዚራ ከጥንት ጀምሮ በዛፎቿ የታወቀች ሠፈር ናት። አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ዛፍ ቀይ አበባውን ዘርግቶ መንገዱ ላይ አራግፎታል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በአዲስ አበባ እኔ ባርፍ ዕረፍቴ የሌብነት ያህል ነው፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ሌላው ይሠራል፣ ኅሊናዬም ይወቅሰኛል። እዚህ ግን ፀሐይዋ የሁሉም አለቃ ሆና ሁሉን በአንድ ጊዜ ታሳርፋለች። ስለዚህ በማረፉ የሚያፍር ሰው የለም።

ነገሩን ካሰብነው ከተማዋ ራሷ የተወለደችው አቅምን ከማወቅ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ሳለ፣ የሐረርን ተራራ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰባት ያች ሜዳ ድሬዳዋ ሆነች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ «ይህን ዳገት አልችልም» ባይል ኖሮ ከዚራም፣ መጋላም፣ የዛፎቹም ጥላ ባልኖሩ ነበር። እኛ እናቶች ግን አልችልም ማለትን እንደ ነውር ቆጥረን፣ ዳገቱን ሁሉ ካልወጣሁ እንላለን።

የዚያን ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን አክስቴ ግቢውን ውኃ አርከፈከፉ። የደረቀው አፈር ሲረጥብ የሚሰጠውን ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጎረቤቶች በርጩማቸውንና ሰሌናቸውን ይዘው መጡ። አንዷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፤ ሌላዋ በሶማሊኛ ትመልሳለች፤ ሦስተኛዋ በአማርኛ ትስቃለች። ሻይ በቅርንፉድና በሄል ተፈላ፤ አንዲት ሐረሬ ጎረቤት ሙሸበክ በሳሕን ይዘው መጡ። የተወራው ቁም ነገር አልነበረም፤ ፍየል የአንዱን ቤት መጋረጃ ስለመብላቷ ነው። እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ጎረቤቶች ከሄዱ በኋላ አክስቴን ጠየቅኋቸው። «እርስዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ?»

«የለም» አሉኝ፤ ታሪካቸውንም አጫወቱኝ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ያ ወንዝ ነው እንዲህ የጨከነው። የአክስቴ ቤተሰብ ነፍሱ ተረፈ፤ ማድ ቤታቸውና ንብረታቸው ግን በጎርፍ ተወሰደ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መመላለሱን አቆመ፤ የባላቸውም ገቢ ተናጋ።

«ያን ጊዜ እኔም እንዳንቺ ሆንኩ» አሉ። «መጋረጃ የለ፣ ሰሌን የለ፤ ቀን እጠብሳለሁ፣ ሌሊት ሊጥ አቦካለሁ። ልጆቼ ሲያናግሩኝ 'ቆይ' እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ 'ቆይ' አልኩ። አንድ ቀን ዘይቱ እሳት ላይ ሆኖ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ መነሣት ግን አቃተኝ። ሰነፍኩ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ሮጣ ገብታ ዘይቱን አወረደች። ምንም አልተናገረችኝም፤ መጋረጃውን ዘጋችና አጠገቤ ተኛች። በማግሥቱም መጣች፤ በሠልስቱም መጣች። አንዷ ቀን ልጆቼን ወሰደች፣ ሌላዋ ሊጡን አቦካችልኝ። ልጄ፣ መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ እንዳይመስልሽ። ሌላ ሰው ነው የዘጋልኝ። ሰው ድካሙን ደብቆ ዕረፍት ከየት ያገኛል?»

ይህን ሲናገሩ ልጄ የደበቀችኝ ወረቀት ፊቴ ላይ መጣ። ልጅቱ መደበቅን ከማን ተማረች? እኔ ድካሜን ከቤተሰቤ ስደብቅ እያየች አይደለምን?

በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ሲዘጋ እኔም ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ በቅስቶቹ ያማረውን የቀፊራ ገበያ በር አልፌ ገባሁና፣ በቀደም ዕለት በችኮላ ያነጋገርኳትን ሎሚና ቃሪያ ሻጭ ፈልጌ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን ሳላወጣ ዝም ብዬ አዳመጥኳት። ከሎሚዎቿ ሁሉ አንዱን መርጣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሳይሆን ለራሷ ሻይ እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ አየዋለሁ፤ ማታ እሱን ጨምቄ ስጠጣ ቀኑ የእኔም እንደነበር ይሰማኛል» አለችኝ። በቀደም ዕለት ይህን ልትነግረኝ ጀምራ እንደነበር ትዝ አለኝ። «እሺ፣ እሺ» ብዬ ያለፍኳት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዳይሳሳቱ እፈራለሁ። አንዲት ሎሚ የቤት ኪራይ አትከፍልም። ደመወዝ የማይበቃትን፣ የሁለት ሰው ሥራ የተጫነባትን ሴት «ሻይሽን ጠጪና ደስ ይበልሽ» ማለት በቁስል ላይ መቀለድ ነው። አክስቴም ቢሆኑ መጋረጃውን ለመዝጋት የቻሉት ጎረቤት ሊጡን ስላቦካላቸው ነው። በሙቀቱም በጭሱም ምድጃ ፊት ቆመው የሚውሉ፣ ለቀትር ዕረፍት ያልታደሉ ሴቶች በድሬዳዋም አይቻለሁ። የዕለት ተዕለት ደስታ ሊገኝ የሚችለው ሸክሙ ለሌላው ሲካፈል ነው። ሸክሙ እንዳለ ሆኖ ደስታ ጨምሪ ከተባልን፣ ደስታም አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሆንብናል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በባቡሩ መስኮት የፈንታሌን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ቤቴ እንደ ደረስኩም ልጄን ሳይሆን በመጀመሪያ ባለቤቴን ለብቻው አስቀምጬ፣ «ደክሞኛል» አልኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል አሳጥሬና ሳልቆጣ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዕቃ ስታንኳኪ እሰማ ነበር፤ የተቆጣሽኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ የደከመሽ አልመሰለኝም» አለኝ። በሳምንት ሦስት ቀን እራት የማዘጋጀቱን ሥራ እሱ ወሰደ። በመጀመሪያው ቀን የሠራው ሽሮ ጓጓላ ነበር፤ በላነው። በመሥሪያ ቤትም የቅዳሜውን ተረኛነት ከባልደረቦቼ ጋር በየተራ እንድንሠራ ጠየቅሁ። እሺ ለመባል አንድ ወር ፈጅቷል፤ ቢሆንም ተፈቀደ።

አዲስ አበባ የድሬዳዋ ፀሐይ የላትም። ስለዚህ የራሳችንን የመጋረጃ ሰዓት መሥራት ነበረብን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለግማሽ ሰዓት ስልኮቻችን መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ የሳሎኑ መጋረጃ ይዘጋል፤ ሻይ ይፈላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ብለን እርስ በርስ መተያየት ሆነብን። ልጄ ሰዓቱ እስኪያልቅ ደቂቃ ትቆጥር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋና በሻማ ተቀመጥን። ያን ምሽት ልጄ ወደ ክፍሏ ገብታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ጎረቤታችን የፈረሙት የፈተና ወረቀት ነበር። «እማዬ፣ ይሄን አላየሽውም እኮ» አለችኝ። በሻማው ብርሃን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከጎረቤታችን ፊርማ ሥርም የእኔን ጨመርኩበት።

ያችን በዕድሜ የገፉ እናትም ፈልጌ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «በቀደም ነግሬሽ የለ?» አሉኝ። «ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አልኳቸው። ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ጉዳያቸውን ከፈቃዳቸው ጋር በሚቀጥሉት ሳምንታት በዚሁ ዓምድ አቀርበዋለሁ።

ውድ እናቶችና እኅቶች፤ ከሰው ቃል ውስጥ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ መስማት ከጀመራችሁ፣ ልጆቻችሁ ደስታቸውን ወደ ጎረቤት መውሰድ ከጀመሩ፣ ራሳችሁን በስንፍና አትውቀሱ። ደክሟችሁ ነውና «ደክሞኛል» በሉ፤ ሸክሙን ከሚያግዛችሁም ጋር ተካፈሉ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ በሕይወት መኖርም ካስመረረ፣ ያ ከዝለት ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጎረቤቶችም፣ ባሎችም፣ የደከመች ሴት ስታዩ ምክር አታብዙባት። ዘይቱን አውርዱላትና መጋረጃውን ዝጉላት።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ25 ሆኗል። ማድ ቤት ውስጥ የሻይ ጀበናው ሲንጣጣ ይሰማኛል፤ የዛሬው ተረኛ ባለቤቴ ነው። ልጄም በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ የመጋረጃ ሰዓት ደረሰ» እያለችኝ ነውና በዚሁ ልሰናበታችሁ።